ስለ ባላገሩ ዕዳና ስለ ድግስ ወጪ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ገበሬ ከዓመቱ ወራት ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። በነዚህ ወራት የአምናው እህል ያልቃል፤ የዘንድሮውም ገና ቡቃያ ነው። ሥራው ግን በዚያው ሰሞን ይበረታል። የብድር በር የሚከፈተውም በዚህ ጊዜ ነው። ተበዳሪው ስልቻውን ይዞ ወደ ባለ ጐተራው ቤት ሲመሽ ይሄዳል፤ ሲመሽ መሄዱም ጐረቤት እንዳያየው ነው። «ቢቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ስለ ገበሬው ዕዳ በተነገረ ቍጥር ሹማምንት የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «ወጪህን ቀንስ» ይሉታል። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የትኛው ወጪ፣ በየትኛው ወር፣ ስለ የትኛው ዕዳ ተብሎ እንዲቀነስ ካልተነገረው ገበሬው የሚቀንሰው ለመቀነስ የሚቀለውን ነው። የሚቀለውም የሚስቱና የልጆቹ ምግብ ነው፤ ምግብ ሲቀነስ ጐረቤት አያይምና። ድግስ ሲቀነስ ግን አገር ያያል። ስለዚህ በብዙ ቤት የሚታየው ነገር የተገለበጠ ነው፤ ሊቀነስ የሚገባው ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ሊነካ የማይገባው ደግሞ ይጐድላል።

ነገሩ በቍጥር ቢታይ ይገለጣል። ስድስት ነፍስ ያለበት አንድ ቤት ይታሰብ፤ አባትና እናት ከአራት ልጆች ጋራ። ጥማድ በሬ አላቸው፤ መሬታቸውም በደህና ዓመት ጤፍ፣ በቈሎ፣ ስንዴና ባቄላ በጠቅላላው 18 ኩንታል ያወጣል እንበል። ከዚህ 1 ኩንታል ተኩል ለዘር ይቀመጣል፤ ለቤተ ሰቡም የዓመት ቀለብ 10 ኩንታል ያስፈልጋል። የቀረው 6 ኩንታል ተኩል ነው። የማዳበሪያውን ዕዳ ለመክፈል በጥር ገበያ 3 ኩንታል ይሸጣል። ባለፈው ክረምት ስለ ተበደሩት 2 ኩንታል ደግሞ 3 ኩንታል ይመልሳሉ፤ አንድ ሰጥቶ አንድ ተኩል መቀበል በየአገሩ የተለመደ ነውና፤ ከዚያም የባሰ አለ። እንግዲህ የቀረው ግማሽ ኩንታል ብቻ ነው፤ እርሱም ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልብስና ለልጆች ደብተር ይውላል። እስከዚህ ድረስ ቤቱ ጠበበው እንጂ አልጐደለበትም።

ቀጥሎ ግን ተዝካሩ ይመጣል። ለጠላውና ለእንጀራው ተብሎ 2 ኩንታል ከጐተራ ይወጣል፤ ይህም የበጉ፣ የቅቤውና የበርበሬው ወጪ ሳይቈጠር ነው። ይህ 2 ኩንታል የተወሰደው ከሌላ ስፍራ አይደለም፤ ከ10ሩ ኩንታል ከቀለቡ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ሲደርስ በቤቱ የሚጐድለው በትክክል 2 ኩንታል ይሆናል። ያንኑ 2 ኩንታል ይበደራሉ፤ በጥር 3 አድርገው ይከፍላሉ፤ በዚያውም ጥር ሌላ ድግስ ደርሶ ይጠብቃቸዋል። በአንዱ ዓመት ተዝካር፣ በሌላው ሠርግ፣ በሦስተኛው ክርስትና ይሆናል፤ በእስላሙም ቤት ሰደቃውና ሠርጉ ከዚህ አያንስም። ሰውዬው ከዓመት እስከ ዓመት እየደከመ ዕዳው የማያልቅለት ስንፍና ስላለበት አይደለም። የ2 ኩንታል ድግስ በየዓመቱ 3 ኩንታል ስለሚያስከፍለው ነው።

አሁን ይኸው ቤት ድግሱን ለአንድ ዓመት ብቻ ቢያቈየው ምን እንደሚሆን ይታይ። ሁለቱ ኩንታል በጐተራው ይቀራል። ሐምሌ ሲመጣ ቤቱ የራሱን እህል ይበላል፤ ወደ ማንም ደጅ አይሄድም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥር ለአበዳሪ የሚመልሰው 3 ኩንታል አይኖርበትም፤ ያ 3 ኩንታል ለራሱ ትርፍ ሆኖ ይቀርለታል። ከዚያ በ2ቱ ያቈየውን ድግስ ቢደግስ እንኳ 1 ኩንታል ይተርፈዋል፤ ክረምቱንም ያለ ብድር ይወጣዋል። እንዲህ ሲሆን ድግሱ አልቀረም፤ አንድ ዓመት ቈየ እንጂ። ዝናም ቢጐድል ወይም በሬ ቢሞት ስሌቱ እንደሚናወጥ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዕዳ የሌለበት ቤት ክፉውን ዓመት የሚጋፈጠው ዕዳ ካለበት ቤት ይልቅ በተሻለ ኃይል ነው።

ስለዚህ ከወረዳ ሹም የሚፈለገው ድግስን በትእዛዝ መከልከል አይደለም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚያተርፈው ሐሜት ብቻ ነው፤ ደጋሹም በሌሊት ይደግሳል። ደግሞም ድግስ ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው ማለት የባላገሩን ኑሮ አለማወቅ ነው። ድግስ የሚያበላ ሰው በደቦና በወንፈል ጊዜ ሰው አያጣም፤ ቤቱ ሲቃጠል ጐረቤት ያቆምለታል፤ በሬው ሲሞትበት የሚያውሰው አያጣም። ባላገሩ በድግሱ ላይ የሚያወጣው ከፊሉ ለሆድ ቢሆንም ከፊሉ የዝምድና ዋስትና ነው። ይህን ዋስትና ማፍረስ አይገባም። የሚገባው ሰውዬው ዋስትናውን በራሱ እህል እንጂ በአራጣ እህል እንዳይገዛው ማድረግ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም።

ማቈየቱም ቢሆን ለአገሩ እንግዳ ልማድ አይደለም። ለሙት ጸሎተ ፍትሐቱ በቀኑ ይደረጋል፤ ዋናው ድግስ ግን አዝመራ እስኪገባ፣ አንዳንድ ጊዜም ቤተ ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስ ሲቈይ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሠርግም ቢሆን በጥር ካልሆነ ከፋሲካ በኋላ፣ ከዚያም ካልሆነ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዕድሮች በለቅሶ ቤት የሚቀርበው ንፍሮና ዳቦ ብቻ እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባቸው ወስነዋል፤ አባሉም ደንቡን ያከብራል፤ ያወጣው ራሱ ነውና። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል። የጐደለው አንድ ነገር ነው፤ «አላቅተው ነው ያቈየው፤ ድህነት ነው» የሚለውን ሐሜት የሚያበርድ ሰው ነው።

ይህን ሐሜት ለማብረድ ከሹም የሚበልጥ ማንም የለም፤ ለማባባስም እንደዚሁ። በባላገር ቤት የድግስን ልክ የሚወስነው የሚጠራው ሰው ማዕርግ ነው። ሹም ይመጣል የተባለበት ሠርግ ጠላ ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ ጠጅ ይጣላል፤ በግ የነበረው ወደ በሬ ይለወጣል፤ ሹሙም ብቻውን አይመጣም። አንዳንዱ ሹም ስድስት ሰባት ሰው አስከትሎ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ ባለ ቤቱን «አኰራኸን» ይለዋል። የዚያ ክብር ዋጋ በሐምሌ የሚከፈል መሆኑን አያስብም። በዚያው ሳምንት ያው ሹም በስብሰባ ላይ ቆሞ ስለ ቍጠባ ሲናገር ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ምን እንደሚያስብ ግን ለመገመት አያስቸግርም። ሹሙ የራሱን ልጅ ሠርግ በልክ ቢያደርግ፣ በተጠራበትም ቤት ብቻውን ደርሶ ጠላ ቀምሶ ቢመለስ፣ ድግሱንም ያቈየውን ሰው በአደባባይ «አስተዋይ ነህ» ብሎ ቢያመሰግነው፣ አሥር ስብሰባ ከሚሠራው ይበልጥ ይሠራል።

ስለ አራጣ አበዳሪው ደግሞ በሚገባ መናገር ያስፈልጋል፤ የሚነገረው ሁሉ እርግማን ሆኖ ቀርቷልና። አበዳሪው የራሱ ክርክር አለው። «እኔ በሐምሌ የሰጠሁት ኩንታል ውድ ነበር፤ እርሱ በጥር የሚመልስልኝ ኩንታል ርካሽ ነው፤ ግማሹን የጨመርሁት የዋጋውን ልዩነት ልክ ነው» ይላል። ይህ ክርክር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በመኸር ጊዜ የእህል ዋጋ ወድቆ በክረምት እንደሚወጣ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አበዳሪው በጥር የተቀበለውን እህል በጥር አይሸጠውም፤ ጐተራ አግብቶ እስከ ሐምሌ ያቈየውና እንደ ገና ያበድረዋል። እንዲህ እያደረገ 1 ኩንታል በመጀመሪያው ዓመት 1 ተኩል፣ በሁለተኛው 2 ከሩብ፣ በሦስተኛው 3 ኩንታል ከ37 ኪሎ ተኩል ይሆንለታል። የአበዳሪው ብልሃት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ እህሉን ከጥር እስከ ሐምሌ ማቈየት ይችላል፤ ተበዳሪው አይችልም። ድግሱን አንድ ዓመት ያቈየ ገበሬም ከአበዳሪው የሚወስደው ይህንኑ ኃይል ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች በጽሑፍ የሚወስኑት የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በጽሑፍ ያልተወሰነ እንደ ሆነ ከመቶ 9 ይታሰባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ይቀጣል። በዓመት ከመቶ 12 ማለት ለስድስት ወር ከመቶ 6 ነው። የክረምቱን የእህል ብድር በዚህ ሚዛን ቢመዝኑት በሐምሌ 1 ኩንታል የወሰደ ሰው በጥር 106 ኪሎ ሊመልስ ይገባው ነበር፤ የሚመልሰው ግን 150 ኪሎ ነው። ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ዘንድሮ ቢከስሰው በሚመጣው ሐምሌ ማን ያበድረዋል? ሕግ አበዳሪውን ሊቀጣው ይችላል፤ በተበዳሪው ጐተራ ውስጥ ግን እህል ሊያስገባ አይችልም።

ለዚህ ነገር ከታሪክ የሚጠቀስ ምስክር አለ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በደቡቡና በሌላውም አገር ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጥ ነበር፤ ለዘርና ለበሬ ብድርም ዕዳ ይገባ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ጭሰኛው ከግብሩም፣ ከባለ መሬቱም ከነበረበት ዕዳ ነጻ ወጣ። ዕዳ በአንድ ቀን የተሰረዘበት እንዲህ ያለ ዘመን በአገሪቱ የቅርብ ታሪክ ሌላ አይገኝም። ነገር ግን ሐምሌ በየዓመቱ መምጣቱን አልተወም፤ ድግሱም አልቀረም። የባለ መሬቱን ስፍራ ነጋዴው፣ ሀብታሙ ጐረቤትና በኋላም የማዳበሪያው ብድር ያዙት። ዕዳን መሰረዝ አንድ ነገር ነው፤ ዕዳ የሚገባበትን በር መዝጋት ሌላ ነው።

ወጪ ይቀነስ ሲባል የማይነካው ነገር አስቀድሞ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ዘር ነው። ዘሩን በልቶ ወይም ሸጦ ዕዳ የከፈለ ሰው በሰኔ የሚዘራውን ይበደራል፤ የዘር ብድር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጊዜው አይጠብቅምና አበዳሪው የጠየቀውን ይሰጠዋል። ሁለተኛው በሬ ነው። አንዱን በሬ ሸጦ ዕዳ የከፈለ ሰው መሬቱን በጊዜው ማረስ ስለሚያቅተው ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ በዚህም የ18 ኩንታል ቤት የ9 ኩንታል ቤት ይሆናል። ሦስተኛው የእመጫትና የሕፃናት ምግብ ነው። በቤት ውስጥ ቍጠባ ሲታወጅ ባልየው በገበታው ላይ ለውጥ ሳያይ ሊቀር ይችላል፤ ሚስቲቱ የራሷን ድርሻ ቀንሳ ለልጆቹ፣ የልጆቹንም ቀንሳ ለእርሱ ታቀርባለችና። ስለዚህ የቤቱን ወጪ ለመቀነስ ምክር ሲደረግ ሴቲቱ የሌለችበት ምክር እውነተኛ ሂሳብ ሊያገኝ አይችልም። በጐተራው ስንት ቍና እንደ ቀረ፣ ለድግስ ስንት ቍና ብቅል እንደ ገባ የምታውቀው እርሷ ናት። የግብርና ሠራተኞች የቤት አባወራን ብቻ ሰብስበው ስለ ቍጠባ ማስተማራቸው ግማሹን ቤት ብቻ ማስተማር ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ መንግሥት ሰዎች ወደ ራሳቸው ይመለሳል። ገበሬው ድግሱን አቈይቶ፣ እህሉን በጐተራ ይዞ፣ ሐምሌን ለመጠበቅ ቢወስን እንኳ በታኅሣሥና በጥር «የማዳበሪያ ዕዳህን አምጣ» የሚል ድምፅ ከመጣበት ውሳኔው ከንቱ ነው። ዕዳው በዚያ ወር ሲጠየቅ ገበሬው ሁሉ በአንድ ሳምንት እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋውም ይወድቃል፤ በሰኔ ቢሸጠው 2 ኩንታል ይበቃው የነበረውን ዕዳ በጥር በ3 ኩንታል ይከፍለዋል። በጐተራው ሊቈይለት የሚችል 1 ኩንታል በገበያ ተበላ ማለት ነው። ስለ ድግስ ተቈጣጥሮ ስለዚህ ኩንታል ዝም ማለት ፍትሕ አይደለም።

የዚህ ነገር ክፋት በ1993ና በ1994 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በሁለቱ ዓመታት አዝመራው አማረ፤ በቈሎውም በዛ። በዚያ ዘመን የማዳበሪያ ብድር በክልል መንግሥታት ዋስትና የሚሰጥ ስለ ነበረ ሹማምንት ዕዳውን ለማስከፈል በመኸሩ ወራት በገበሬው ላይ ጫና ያደርጉ ነበር፤ በሬው ለዕዳ የተያዘበትና የታሰረም ነበረ። እህሉ በአንድ ጊዜ ገበያውን ሞላው፤ የበቈሎ ዋጋ የማዳበሪያውን ወጪ እንኳ የማይመልስ እስኪሆን ድረስ በ1994 ዓ.ም. ወደቀ። ገበሬው በጥጋብ ዓመት ከሰረ። በዚያው ዓመት ክረምት ብዙው ሰው ማዳበሪያ ከመግዛት ተቈጠበ፤ ዝናሙም ጐደለ፤ በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። የችግሩ ምክንያት ብዙ ነበር፤ ድርቁ ዋናው ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በነበሩት ሁለት የጥጋብ ዓመታት እህሉ በገበሬው እጅ ቢቈይ ኖሮ ድርቁ ባዶ ጐተራ ላይ ባልደረሰ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ በናረ ጊዜም ይኸው ጥያቄ እንደ ገና ተነሥቷል፤ ዕዳው በከበደ መጠን የሚከፈልበት ወር የበለጠ ይጐዳል ወይም ይጠቅማል።

በአነስተኛ ብድር ተቋማትም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሕጋቸው በ1988 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ተቋማቱ ብዙ ገበሬ ከአራጣ አድነዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ዋስትናቸው በቡድን ስለሆነ ግን ቀኑ የደረሰበት ሰው ጓደኞቹን እንዳያሳፍር ሲል ወደ አራጣ አበዳሪው ሄዶ ተበድሮ ተቋሙን ይከፍላል። በመዝገብ ሲታይ ብድሩ በጊዜው የተከፈለ ነው፤ አለቃውም ይመሰገናል። ዕዳው ግን ከርካሹ ወለድ ወደ ውዱ ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም።

«ቀኑ ወደ ሰኔ ቢተላለፍ ገበሬው እህሉን በልቶ ባዶ እጁን ይቀርባል» የሚል ሥጋት ከገንዘብ ያዦች ዘንድ ይሰማል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መልስ ግን አለው። ለዕዳው የሚበቃው እህል በጥር ተመዝኖ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጐተራ በገበሬው ስም በደረሰኝ ይቀመጥ፤ በግንቦት ወይም በሰኔ ዋጋው ሲወጣ ይሸጥ፤ ከሽያጩም ዕዳው ተቀንሶ ትርፉ ለባለ ቤቱ ይሰጥ። በዚህ ላይ የእህሉን ዐይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ስፍራ ካገኘ ያለ ብዙ ድካም ይቈያል። በቈሎና ማሽላ ግን በደንብ ሳይደርቁ ከተከማቹ በጥቂት ወር ውስጥ ይነቅዛሉ፤ አየር በማያስገባ ከረጢት ካልተያዙ በቀር የሚጠበቀውን የዋጋ ትርፍ ነቀዙ ይበላዋል። ስለዚህ የሚቈየው ጤፍ ይሁን፤ ቀድሞ የሚበላውና የግድ ከሆነም ቀድሞ የሚሸጠው በቈሎው ይሁን። ይህን ያህል ነገር ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል፤ በዕዳ ማስከፈያው ሰሞን ግን በመጀመሪያ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚታየው ጤፉ ነው፤ ዋጋው ከፍ ያለና ቶሎ የሚሸጥ እርሱ ነውና።

መሬታቸውን ለእኩል የሚሰጡ ባለ ይዞታዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና ባል የሞተባቸው ሴቶች ናቸው፤ በከተማ ተቀምጠው ድርሻቸውን የሚጠብቁም አሉ። አራሹ በሰኔ ዘር ሲያጣ የሚያበድሩት እነርሱ ሲሆኑ በአውድማው ላይ ድርሻቸውን ከማንሣታቸው በፊት የዘሩን ብድር ከነጭማሪው ያነሣሉ። አራሹ እንዲህ ተላጭቶ የቀረውን ይዞ ሲገባ ዕዳው ሁሉ አልቆ ይመስለዋል፤ በሐምሌ ግን ተመልሶ ይመጣል። ባለ መሬቱ የዘሩን ልክ ብቻ በአውድማ ተቀብሎ ጭማሪውን ቢተወው ወይም እስከ ሰኔ ቢታገሠው የሚጐዳ አይመስልም። በዕዳ የደከመ አራሽ መሬቱን በጥልቀት አያርስም፤ አረምም በጊዜው አያርምም፤ የዚህም ጕዳት እኩሌታው በባለ መሬቱ ላይ ይወድቃል።

ዕዳው አንድ ብቻ ያልሆነበት ቤት ደግሞ ቅደም ተከተል ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው የሚከፍለው አብዝቶ የሚጮኸውን እንጂ አብዝቶ የሚበላውን አይደለም። ከተቋም የተወሰደ ዕዳ በየስብሰባው ይጠየቃል፤ ለዘመድ ያለበት ዕዳም ዐይን ለዐይን ስለሚያጋጥም ያሳፍራል፤ አራጣው ግን በጸጥታ ይወልዳል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊከፈል የሚገባው ይኸው በጸጥታ የሚወልደው ነው። ከእርሱም ጋራ መሬት የተያዘበት ዕዳ ይቈጠራል። ባላገሩ ወለድ አገድ በሚለው ውል አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለዱ ፈንታ ይበላል፤ የኮንትራት ኪራይም የብዙ ዓመቱ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ሲያልቅ ከዚህ ብዙ አይለይም። መሬቱ በሌላ እጅ እያለ ቤቱ ድግስ ቢቀንስም፣ ቀለብ ቢቀንስም የሚጠራቀም ነገር የለም፤ የሚጠራቀምበት እርሻ ከቤቱ ወጥቷልና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለ ይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ስለ ፈቀደ ይህ ነገር ከፊት ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ለመስኖ ሞተር ወይም ለወተት ላም ተብሎ የተያዘ መሬት ራሱን ሊመልስ ይችላል፤ ለሠርግ ተብሎ የተያዘ መሬት ግን የሚመልሰው ምንድን ነው?

በቡና አገር ያለው ገበሬ ሌላ መልክ ያለው ዕዳ አለበት። ቡናው ገና ሳይቀላ በክረምት ከነጋዴ ገንዘብ ይቀበልና ፍሬው ሲደርስ በቀድሞው ዋጋ ያስረክባል። የእህሉ ስሌት እዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ ቡናው አለመበላቱ ነው። በዚያ አገር የሚቈየው ድግስ በእህል ሳይሆን በብር ተለውጦ ለሐምሌ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ለዚህም ዕቁብ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እጣው በክረምት እንዲወጣ አባላቱ ከተስማሙ።

የመጨረሻው ጕዳይ ስለ ወረቀት ነው። በባላገር ብድር ሲደረግ በሽማግሌ ፊት ወረቀት ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የተወሰደው ሳይሆን ወለዱ የተደመረበት ቍጥር ነው። 2 ኩንታል የወሰደ ሰው «3 ኩንታል ተበድሬአለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ስለዚህ አራጣው በዳኛ ፊት ሲቀርብ አይታይም። የቀበሌ ሹማምንትና የዕድር ዳኞች እንዲህ ያለ ወረቀት በፊታቸው ሲጻፍ የተሰፈረው እህል ስንት እንደ ሆነ ጠይቀው በወረቀቱ ላይ ቢያስጽፉ ብዙ ሥራ አይጠይቃቸውም። ዕዳው ሲከፈልም እንደዚሁ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዕዳው ተከፍሎ ወረቀቱ በአበዳሪው ሣጥን ቀርቶ፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ የከሰሰበት ጊዜ አለ። ክፍያው በጥር፣ በአውድማው ወይም በማኅበሩ ጐተራ ሲፈጸም የተጻፈው ወረቀት እዚያው በምስክሮቹ ፊት መቀደድ አለበት።